ስክሪኑን ከላይት ኮንሶል መቆጣጠር፦ ስንት ቻናል ይበቃል?

ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ከሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ላይት የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ኮንሰርት ወይም ሠርግ ላይ "ስክሪኑንም አንተው ያዘው" ይባላሉ፤ ለቪዲዮ የተለየ ሰው አልተቀጠረም። አንድ እጃቸው ኮንሶሉ (የመብራት መቆጣጠሪያው ሰሌዳ) ላይ፣ ሌላው ማውሱ ላይ ይሆናል። ዘፈኑ ሲቀየር መብራቱ አብሮ ይቀየራል፣ ስክሪኑ ግን የቅድሙን ይዞ ይቀራል። "ቪዲዮውን ወደ ኮንሶሉ ላምጣው፣ ግን ስንት ቻናል ልስጠው?" የሚለው መልእክት የሚመጣው በማግስቱ ነው። ቻናል ማለት ኮንሶሉ አንድን ነገር የሚያዝበት አንድ ቁጥር ነው።

አጭሩ መልስ፦ በዚያች ምሽት ጣታችሁ የሚነካውን ብቻ አምጡ። የቀረውን ላፕቶፑ ላይ አዘጋጅታችሁ ተዉት። አንዳንድ የሚዲያ ሰርቨር (ቪዲዮ የሚያጫውት ኮምፒውተር) ፕሮፋይሎች፣ ማለትም ለኮንሶሉ የሚሰጡ የቻናል ዝርዝሮች፣ ለአንድ ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ ለሚደረብ ምስል) ብቻ ከ40 በላይ ቻናል ይይዛሉ። ሦስት ሌየር ስትጭኑ ከ120 ያልፋል። ሁሉን ማድረግ ይቻላል፣ ጨለማ ውስጥ ግን የምትፈልጉትን አታገኙም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። እዚህ የማሳያችሁ አሠራር በ12 ቻናል ያልቃል።

ምሳሌዬ በጣም የተለመደው ነው፦ ሬሶሉም አሪና የሚባል የቪዲዮ ማጫወቻ ሶፍትዌር የተጫነበት ላፕቶፕ፣ አንድ ካሜራ፣ አንድ ኤልኢዲ ስክሪን። ሌላ ሶፍትዌር ቢኖራችሁም አካሄዱ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አርት-ኔት ወይም ኤስኤሲኤን (የኮንሶሉን ትእዛዝ በኔትወርክ ገመድ የሚልኩ ፕሮቶኮሎች) የሚያወጣ ላይት ኮንሶል። ግራንድኤምኤ፣ አቮላይትስ፣ ቻምሲስ፣ ኢኦስ ሁሉም ያወጣሉ። ኮንሶል ሳትከራዩ ቤት ውስጥ ለመለማመድ የቻምሲስ ማጂክኪውን የኮምፒውተር ቅጂ በነፃ ማውረድ ይቻላል፤ አርት-ኔትም ያወጣል።
- የራሱ ግራፊክስ ካርድና ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ።
- ሬሶሉም አሪና። አቬኑ የሚባለው ታናሽ ወንድሙ ዲኤምኤክስ፣ ማለትም የላይት ኮንሶል ትእዛዝ፣ አይቀበልም፤ ስትገዙ አትሳሳቱ። ፈቃድ የሌለው የሙከራ ቅጂ ደግሞ ምስሉ ላይ ሎጎ ይጥላል። ለልምምድ ይሆናል፣ ለመድረክ አይሆንም።
- ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል ትንሽ የኔትወርክ ስዊችና ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ገመድ። አንዱ ገመድ ከ100 ሜትር አይብለጥ።
- ካሜራና የካሜራውን ምስል ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባ ካፕቸር ካርድ። ካሜራው ሩቅ ከሆነ ኤስዲአይ ገመድ ተጠቀሙ፤ ኤችዲኤምአይ ገመድ ሲረዝም ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል።
- ዩፒኤስ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው። ስዊቹና የስክሪኑ ፕሮሰሰር (ምስሉን ወደ ኤልኢዲው የሚያስተላልፈው ሳጥን) ግን የላቸውም፤ መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ የሚያስለቅሱት እነሱ ናቸው።
- ወረቀትና እስክሪብቶ።

ደረጃ 1፦ የምሽቱን ሥራ በወረቀት ጻፉ

ኮንሶሉን ከመንካታችሁ በፊት በዝግጅቱ ላይ ስክሪኑን ምን እንደምታደርጉት በግስ ጻፉ። "ጀርባውን ቀይር"፣ "ዘፋኙን በካሜራ አሳይ"፣ "ቀለሙን ከመብራቱ ጋር አመሳስል"፣ "ሎጎ አውጣ"፣ "አጥቁር"። አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝሩ ከ7 ወይም ከ8 አያልፍም።

ለምን? ቻናል የምትሰጡት እዚህ ዝርዝር ውስጥ ላለ ሥራ ብቻ ስለሆነ። "ምናልባት ምስሉን ማዞር ብፈልግስ?" የሚል ሐሳብ ከመጣ ዝርዝሩን እዩት። ከሌለ ቻናል አያገኝም።

ደረጃ 2፦ በሌየር ክፈሉት

ከታች ወደ ላይ እንዲህ አስቀምጡ፦

- መሠረት፦ አንድ ረጋ ያለ፣ ደብዘዝ ያለ ምስል። ለዚህ ሌየር ምንም ቻናል አትስጡ።
- ሌየር 1፦ የጀርባ ቪዲዮዎች።
- ሌየር 2፦ ካሜራ።
- ሌየር 3፦ ሎጎ፣ የስም ጽሑፍ እና ሙሉ ጥቁር ምስል።

መሠረቱ ለምን ቻናል የለውም? ኮንሶሉ ድንገት ጠፍቶ ሲነሳ ሁሉንም ቻናል ዜሮ አድርጎ ሊልክ ይችላል። ያኔ ሌሎቹ ሌየሮች ቢጠፉም ስክሪኑ ላይ መሠረቱ ይቀራል። ተመልካቹ ምንም አያውቅም። ስክሪኑን ማጥቆር ስትፈልጉ ደግሞ ከሌየር 3 ጥቁሩን ምስል ታወጣላችሁ። ቴአትር ላይ ግን ይህን አላደርገውም። እዚያ በስህተት ምስል ከሚወጣ በስህተት ቢጠቁር ይሻላል፤ መሠረቱን ጥቁር አድርጉት።

ደረጃ 3፦ 12ቱን ቻናሎች አከፋፍሉ

ሌየር 1፣ 7 ቻናል፦
1. ኦፓሲቲ፣ ማለትም ምስሉ የሚታይበት መጠን
2. የክሊፕ (የቪዲዮ ፋይል) መምረጫ
3. ፍጥነት
4. ቀይ
5. አረንጓዴ
6. ሰማያዊ
7. የአንድ ኢፌክት መጠን

ሌየር 2፣ 3 ቻናል፦
8. ኦፓሲቲ
9. የካሜራ አቀማመጥ መምረጫ
10. ጥቁርና ነጭ የማድረጊያ ኢፌክት

ሌየር 3፣ 2 ቻናል፦
11. ኦፓሲቲ
12. የምስል መምረጫ

ብዙ ሰው የሚከራከረኝ 9ኛው ላይ ነው። "የካሜራው መጠንና ቦታ የታለ?" ይለኛል። ሒሳቡን እዩት። አንድ የዲኤምኤክስ ቻናል ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው የሚቆጥረው። 1920 ፒክስል ስፋት ያለውን ስክሪን በ256 ስትከፍሉት እያንዳንዱ እርምጃ 7 ፒክስል ተኩል ይሆናል። ምስሉን ቀስ ብላችሁ ስታንቀሳቅሱት ይዘላል። ለስላሳ እንዲሆን ለአንዱ ነገር ሁለት ቻናል ማጣመር ያስፈልጋል፤ ያኔ 65,536 እርምጃ ይገኛል። ለመጠን ሁለት፣ ለአግድም ሁለት፣ ለቁመት ሁለት፦ 6 ቻናል ማለት ነው። ኦፕሬተሩ ደግሞ በዝግጅቱ መሃል የካሜራውን ምስል በኤንኮደር (በኮንሶሉ መዞሪያ ቁልፍ) እየገፋ ቦታ ሲፈልግ አስቡት።

ስለዚህ ያንኑ የካሜራ ምስል አራት ጊዜ ቅዱት፦ ሙሉ ስክሪን፣ ግራ ግማሽ፣ ቀኝ ግማሽ፣ መሃል ላይ ያለ ትንሽ መስኮት። ቦታና መጠኑን ላፕቶፑ ላይ በጥንቃቄ አስተካክሉ። ከዚያ በአንዱ ቻናል መምረጥ ብቻ ነው። በ6 ቻናል ፋንታ አንድ፤ ምስሉም ሁልጊዜ ልክ ቦታው ላይ ይቀመጣል።

የምር ማንቀሳቀስ የሚፈልግ ዝግጅት ከመጣስ? ሁለተኛ ፕሮፋይል ሥሩና "ሰፊ" ብላችሁ ሰይሙት። ውስጡ በ12 ቻናሉ ፕሮፋይል የሌለ ነገር ብቻ ይግባ፦ ቦታ፣ መጠን፣ ማዞር፣ መቁረጥ። በሌላ አድራሻ (ከሌላ መነሻ ቻናል ጀምራችሁ) ጫኑትና ኮንሶሉ ላይ ሌላ ገጽ ስጡት። አንድ ነገር በሁለቱም ፕሮፋይሎች ውስጥ ካስገባችሁ ሁለት ቻናል አንድን ኦፓሲቲ ይጎትታል፣ ምስሉም ይርገበገባል።

ደረጃ 4፦ ክሊፖቹን በሰፊ ክፍተት ቁጠሩ

ለእያንዳንዱ ክሊፕ አንድ ቁጥር ሳይሆን አሥር ቁጥር ስጡ። ከ0 እስከ 9 ባዶ ይሁን። ከ10 እስከ 19 የመጀመሪያው ክሊፕ፣ ከ20 እስከ 29 ሁለተኛው፣ እያለ እስከ 249 ይሄዳል። 24 ክሊፕ ማለት ነው። ኮንሶሉ የሚልከው የመሃሉን ቁጥር ይሁን፦ 15፣ 25፣ 35።

ለምን? እጅ ትንሽ ቢስት እንኳ ያው ክሊፕ ይቆያል። 24 አይበቃኝም ካላችሁ ክፍተቱን ወደ 5 አጥብቡት፣ 49 ይሆናል። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ግን መጀመሪያ ክሊፖቹን ደግማችሁ እዩ፤ ግማሾቹ ለዚህ ዝግጅት አይደሉም።

የፋይሎቹን ስም በሦስት አሃዝ ጀምሩ፦ 010 ሰማይ፣ 020 እሳት፣ 030 ጥለት። የምሽቱ ፕሮግራም አንዴ ከተሠራ በኋላ ቅደም ተከተሉን አትንኩ። አዲስ ክሊፕ ከመጣ መጨረሻ ላይ ይጨመር። መሃል ከገባ ከሱ በኋላ ያለው ኪው (ኮንሶሉ ላይ የተመዘገበ ትእዛዝ) ሁሉ የሌላ ክሊፕ ይሆናል።

ቪዲዮዎቹን ወደ ዲኤክስቪ፣ ወደ ሬሶሉም የራሱ የቪዲዮ ፎርማት፣ ቀይሯቸው፤ የሬሶሉም ነፃ መቀየሪያ፣ አሌይ፣ ይሠራዋል። በስልክ የተላከላችሁ ኤች.264 (የተለመደው የታመቀ ቪዲዮ) ፋይል የላፕቶፑን ፕሮሰሰር ያደክማል፤ ቁልፍ ስትጫኑ ክሊፑ ዘግይቶ ይነሳል። ዲኤክስቪ ዲስክ ይበላል፣ ግን ቶሎ ይነሳል።

ደረጃ 5፦ ኔትወርኩን አገናኙ

ለኮንሶሉ 2.0.0.10፣ ለላፕቶፑ 2.0.0.20 የሚል ቋሚ አድራሻ ስጡ። ማስኩ በሁለቱም 255.0.0.0 ይሁን። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ። ፋየርዎሉ አሪናን እንዲያሳልፍ ፍቀዱ። አሪና ውስጥ የአርት-ኔት መቀበያውን ስታበሩ ትክክለኛውን የኔትወርክ ካርድ ምረጡ።

ዋይፋዩ ለምን ይጠፋል? ላፕቶፑ ሁለት መንገድ ካገኘ በየትኛው እንደሚያዳምጥ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ደግሞም በዝግጅቱ መሃል ዊንዶውስ ራሱን ማደስ ሊያምረው ይችላል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰዓት የሚበላ አንድ ነገር አለ። አርት-ኔት ዩኒቨርስን (የቻናሎችን ጥቅል) ከ0 ነው የሚቆጥረው። ብዙ ኮንሶሎች ከ1 ይቆጥራሉ። የኮንሶላችሁ ዩኒቨርስ 1 ለአሪና 0 ሊሆን ይችላል። ምንም ካልሠራ ገመድ ከመቀየራችሁ በፊት ቁጥሩን አንድ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ደረጃ 6፦ ፕሮፋይሉን ሥሩ

በቻምሲስ ሄድ ኤዲተር፣ በአቮላይትስ ፐርሰናሊቲ ቢልደር፣ በሌሎቹም በራሳቸው መሣሪያ 12 ቻናል ያለው ፊክስቸር (ኮንሶሉ እንደ አንድ መብራት የሚያየው ነገር) ሥሩ። ሦስት ነገር ላይ አትቸኩሉ።

አንደኛ፣ መምረጫ ቻናሎቹ፣ 2፣ 9 እና 12፣ "ስናፕ" ይሁኑ። ማለትም በፌድ (ቀስ በቀስ) ሳይሆን በአንዴ ይዝለሉ። ይህን የተማርኩት ሠርግ ላይ ነው። ከ25 ወደ 185 በ4 ሰከንድ ፌድ አደረግኩ። ኮንሶሉ የታዘዘውን ሠራ፤ በመሃል ያሉትን ክሊፖች ሁሉ አንድ በአንድ እያሳየ አለፈ። ከነሱ ውስጥ የባለፈው ሳምንት ሙሽሮች ፎቶ ነበረበት። ያን ቀን ራት አልበላሁም። ስናፕ ይሁን፣ የድሮ ፋይልም ከላፕቶፑ ይጥፋ።

ሁለተኛ፣ መነሻ ዋጋዎች። ኦፓሲቲ 0፣ ሦስቱ ቀለሞች 255፣ ኢፌክት 0፣ ፍጥነት ደግሞ መደበኛው ፍጥነት የሚገኝበት ቁጥር ይሁን። ፍጥነትን በ0 ከተዋችሁት ኮንሶሉን ባጸዳችሁ ቁጥር ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። "ቪዲዮዬ ይቆማል፣ ላፕቶፔ ደካማ ነው" ከሚሉኝ መካከል ብዙዎቹ ችግራቸው ይሄ ነው።

ሦስተኛ፣ ግራንድ ማስተር፣ ማለትም መብራቱን ሁሉ በአንዴ የሚያወርደው ፌደር (ተንሸራታች መቆጣጠሪያ)። ኦፓሲቲውን የመብራት ዲመር (የብርሃን መጠን መቀየሪያ) አድርጋችሁ ከመዘገባችሁት ግራንድ ማስተሩ ሲወርድ ቪዲዮውም ይወርዳል። አንዳንዴ የሚፈለገው ይህ ነው። መብራት ሁሉ ጠፍቶ ስክሪኑ ብቻ እንዲቀር የምትፈልጉ ከሆነ ግን ኦፓሲቲን ከግራንድ ማስተር አውጡት። "ሃይላይት" የሚለውን ቁልፍም አስቡበት። ፊክስቸር ለመፈለግ ስትጫኑት ኦፓሲቲን ሙሉ እንዳይከፍት በፕሮፋይሉ ውስጥ ዝጉበት።

ደረጃ 7፦ አሪና ላይ አያይዙና አንድ በአንድ ፈትኑ

በዲኤምኤክስ ሾርትከት ማስተካከያው ገብታችሁ እያንዳንዱን መቆጣጠሪያ ከቻናሉ ጋር አያይዙ፤ ክሊፖቹ ላይ የቁጥር ክልላቸውን ስጡ። አንዱን ስትጨርሱ ኮንሶሉ ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። 12ቱንም አያይዛችሁ መጨረሻ ላይ ከሞከራችሁ የትኛው እንደተሳሳተ ፍለጋ ነው።

ኮንሶሉ ላይ የቁጥር ማሳያውን ከፐርሰንት ወደ 0–255 ቀይሩ። በፐርሰንት ሁለት ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። ለመብራት ችግር የለውም፣ ለክሊፕ መምረጫ ግን ያሳስታል።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን ደብቁ፣ ስሙን አሳዩ

ለእያንዳንዱ ክሊፕ ፓሌት (ቁጥሩን የያዘ፣ በአንድ ንክኪ የሚጠራ ቁልፍ) ሥሩና በአማርኛ ስም ስጡት፤ ኮንሶላችሁ ፊደሉን ካልተቀበለ በላቲን ጻፉት። ሲአይቲፒ የሚባለውን ፕሮቶኮል የሚደግፉ ሚዲያ ሰርቨርና ኮንሶል ካላችሁ የክሊፑ ትንሽ ፎቶ ራሱ ቁልፉ ላይ ይወጣል። ካልሆነ ፓሌቶቹን በቀለም ለዩ፦ ለስላሳ ዘፈን ሰማያዊ፣ ፈጣን ቀይ።

ፌደሮቹ ላይ ሦስት ነገር ብቻ አስቀምጡ፦ ጀርባ፣ ካሜራ፣ ኢፌክት። ቁልፎቹ ላይ ሎጎና ጥቁር። ጥቁሩን ቁልፍ ጥግ ላይ፣ በስህተት ከማይነካበት ቦታ አድርጉት። ይህን ገጽ ኮንሶሉን በደንብ ለማያውቅ ጓደኛችሁ አሳዩትና "ካሜራውን አውጣ" በሉት። ከጠየቃችሁ ገና አላለቀም።

ደረጃ 9፦ የምስል መሸጋገሪያውን ለላፕቶፑ ተዉት

መምረጫው ስናፕ ከሆነ ክሊፖቹ እንዴት በለስላሳው ይለዋወጣሉ? አሪና ሌየር ላይ የመሸጋገሪያ ጊዜ አለ። ሌየር 1ን 1 ሰከንድ ተኩል ስጡት። ኮንሶሉ በአንዴ ይዘላል፣ ላፕቶፑ ሁለቱን ምስሎች እያዋሃደ ይቀይራል።

ይህ ዋጋ አለው። ጊዜው ለሁሉም ኪው አንድ ነው። አንዱ ዘፈን በ8 ሰከንድ፣ ሌላው በቅጽበት እንዲቀየር ከፈለጋችሁ ሁለት የጀርባ ሌየር ሠርታችሁ ኦፓሲቲያቸውን ከኮንሶሉ ማፈራረቅ ይኖርባችኋል። 7 ቻናል ይጨመራል፤ እያንዳንዱ ኪው ላይም "አሁን የትኛው ሌየር ነው ነፃው?" እያላችሁ ማሰብ ይመጣል። ቴአትር ላይ እጨምረዋለሁ። ሠርግ ላይ በፍጹም።

ኦፓሲቲ 0 ሳለ ቀጣዩን ክሊፕ አስቀድሞ የሚመርጥ ዘዴ ብዙ ኮንሶሎች አሏቸው፤ ለሙቪንግ ሄድ (አንገቱን ለሚያዞር መብራት) የምትጠቀሙበት ያው ነው። ለሚደጋገም የጀርባ ቪዲዮ ጥሩ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ ላለው ቪዲዮ ግን አጥፉት፤ ተመልካቹ ሳያይ መጫወት ይጀምርና ስትከፍቱት ግማሽ ላይ ትደርሳላችሁ።

ደረጃ 10፦ የካሜራውን መዘግየት አሳጥሩ

በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው። ካፕቸር ካርዱ፣ ላፕቶፑና የስክሪኑ ፕሮሰሰር አንድ አንድ ፍሬም ቢያዘገዩ 120 ሚሊሰከንድ ደረሰ። ያኔ የዘፋኙ አፍና ድምፁ አብረው አይሄዱም። ከቻላችሁ ካሜራውንም አሪናንም በ50 ፍሬም አስኪዱ፤ መዘግየቱ በግማሽ ያንሳል። የኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ የካሜራው ሸተር 1/50 ላይ ቢሆን አንዳንድ አምፖሎች የሚያመጡት መርገብገብም ይቀንሳል።

ደረጃ 11፦ ሆን ብላችሁ አበላሹት

በሮቹ ከመከፈታቸው በፊት የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ። ምስሉ ባለበት ይቆያል ወይስ ይጠፋል? ኮንሶሉን አጥፍታችሁ አብሩ። መሠረቱ ወጣ? ኮንሶሉ ጠፍቶ ሳለ በላፕቶፑ ኪቦርድ ብቻ ሎጎ ማውጣት ትችላላችሁ? ለዚህ አንድ የኪቦርድ ቁልፍ መድቡ፣ የትኛው ቁልፍ እንደሆነም ጽፋችሁ ላፕቶፑ ላይ በፕላስተር ለጥፉ።

ማስጠንቀቂያ

- ሙሉ ስክሪን በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም እንዲል አታድርጉ። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥለው ይችላል። ከስትሮብ መብራት ጋር ሲደመር ደግሞ ይብሳል።
- ላፕቶፑን፣ ስዊቹን ወይም የስክሪኑን ፕሮሰሰር ዲመር ሶኬት ላይ አትሰኩ። ሊቃጠሉ ይችላሉ።
- የሆቴሉን ወይም የአዳራሹን የኢንተርኔት ስዊች አትጠቀሙ። የሌላ ሰው አርት-ኔት ሊገባባችሁ ይችላል፤ የእናንተም የነሱን ኔትወርክ ያጨናንቃል።

የተለመዱ ስህተቶች

- *የመብራት ኢፌክት ሲበራ ክሊፖቹ እየተቀያየሩ ያብዳሉ።* ስትመርጡ ቪዲዮው ፊክስቸርም አብሮ ተመርጧል። ቪዲዮውን የመብራት ግሩፕ ውስጥ አታስገቡት።
- *አንዱ ኪው ላይ ብቻ ትክክል ያልሆነ ክሊፕ ይወጣል።* ያ ኪው የክሊፕ ቁጥር አልተመዘገበበትም፣ የቀደመውን ይዞ ነው የሚሄደው። ቪዲዮ በሚቀየርበት ኪው ሁሉ 7ቱንም የሌየር 1 ቻናሎች መዝግቡ።
- *ምስሉ ሁሉ ቀይ ሆኖ ቀረ።* የቀለም ቻናሎቹ ከቅድሙ ዘፈን አልተመለሱም። መፍትሔው ከላይኛው ጋር አንድ ነው።
- *በማውስ አስተካክለዋለሁ፣ ተመልሶ ይዘላል።* ኮንሶሉ ቁጥሩን ደጋግሞ እየላከ ነው። የምታስተካክሉት ለኮንሶሉ የተሰጠ ነገር ከሆነ ከኮንሶሉ አስተካክሉት።
- *ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ምንም የለም።* ላፕቶፑን ቤት ወስዳችሁ ዋይፋይ ከፍታችኋል። አጥፉት፣ አሪናን ዘግታችሁ ክፈቱ፣ የኔትወርክ ካርዱን እንደገና ምረጡ።